የሆድ ጨረር ሕክምናና ኩላሊት፦ ዘግይቶ ስለሚመጣ ጉዳት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለካንሰር ሕክምና ሆዳቸው ላይ ጨረር የወሰዱ ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው አዘውትረው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። መልሶቹ የሐኪምዎን ምክር አይተኩም፤ ቀጠሮዎ ላይ ምን ብለው መጠየቅ እንዳለብዎ ግን ያሳውቁዎታል።

ሆዴ ላይ ጨረር ወስጃለሁ። ኩላሊቴ ተጎድቷል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። መጀመሪያ መጣራት ያለበት ጨረሩ በትክክል የት እንዳረፈ ነው። ኩላሊቶች ከሆድ ዕቃ በስተጀርባ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ የታችኞቹ የጎድን አጥንቶች በከፊል በሚሸፍኑት ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ቀኙ ጉበት ሥር ስለሆነ ከግራው ትንሽ ዝቅ ይላል። ለጨጓራ፣ ለቆሽት፣ ለሊምፎማ፣ በአከርካሪው ፊት ለፊት ለተደረደሩት ንፍፊቶች፣ እንዲሁም በሕፃናት ላይ ለሚወጡት የዊልምስ (የኩላሊት ካንሰር) እና የኒውሮብላስቶማ (የነርቭ ሕዋስ ካንሰር) ዕጢዎች የሚሰጥ ጨረር ኩላሊትን ሳይነካ ማለፉ አስቸጋሪ ነው።

ለማኅፀን በር፣ ለፕሮስቴት ወይም ለፊንጢጣ ካንሰር ዳሌ ላይ ብቻ የተሰጠ ጨረር ግን በቀጥታ ኩላሊት ላይ አያርፍም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የማኅፀን በር ካንሰሩ ወደ ላይኞቹ ንፍፊቶች ተሻግሮ ከነበረ የጨረሩ ክልል እስከ ኩላሊት ከፍታ ድረስ ተዘርግቶ ሊሆን ይችላል። «ዳሌ ላይ ነው የተሰጠኝ» የሚሉ ብዙ ሴቶች ይህን አያውቁም፤ ማንም ስላልነገራቸው ነው።

ኩላሊት የሚጎዳው ምን ያህል ጨረር ሲደርሰው ነው?

የጨረር መጠን የሚለካው በግሬይ ነው። የጨረር ሐኪሞች ዛሬም የሚመሩበት፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ የባለሙያዎች ግምገማ እንደሚለው፣ ሁለቱ ኩላሊቶች በአማካይ የደረሳቸው መጠን ከ15 እስከ 18 ግሬይ ካላለፈ ጉዳት የሚያጋጥመው ከ100 ታካሚ ከ5 ባነሱት ላይ ነው። አማካዩ 28 ግሬይ ሲደርስ አደጋው እስከ ግማሽ ያህል ይወጣል። ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ተብሎ መላው አካል ጨረር ሲሰጠው ደግሞ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ 10 ግሬይ ገደማ ነው።

አማካይ ብቻውን ግን ሙሉውን አይናገርም። የኩላሊት አንዱ ጫፍ ብዙ ጨረር አግኝቶ ሌላው ከተረፈ፣ የተረፈው ክፍል ሥራውን ይሸፍናል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች 20 ግሬይና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ክፍል ከሁለቱ ኩላሊቶች ጠቅላላ ይዘት 32 በመቶ እንዳይሞላ ይጠነቀቃሉ። አንዱን ኩላሊት ማትረፍ ካልተቻለ ሌላውን አጥብቀው ይከላከላሉ፦ ከዚያኛው ኩላሊት 6 ግሬይና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ክፍል ከ30 በመቶ በታች መሆን አለበት።

በአንድ ቀን የሚሰጠው መጠንም ለውጥ ያመጣል። ኩላሊት ዘግይተው ከሚጎዱ የሰውነት ክፍሎች አንዱ ስለሆነ፣ ያው ጠቅላላ መጠን በጥቂት ቀናት ተጨፍልቆ ከሚሰጠው ይልቅ በትንንሹ ተከፋፍሎ ሲሰጠው ይሻለዋል። ጊዜ አለፈ ተብሎም «አገግሟል» አይባልም፤ ካንሰሩ ተመልሶ ሁለተኛ ዙር ጨረር ካስፈለገ ኩላሊት የመጀመሪያውን ዙር እንደያዘ ነው የሚቆጠረው።

በዚህ ላይ እንደ ሲስፕላቲንና አይፎስፋማይድ ያሉ ኩላሊትን በራሳቸው የሚጎዱ የኬሞ መድኃኒቶች፣ ቀድሞ የነበረ ስኳር ወይም የደም ግፊት፣ አንድ ኩላሊት ብቻ መኖርና የሕፃንነት ዕድሜ ሲጨመሩ ኩላሊት የሚችለው የጨረር መጠን ከላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል።

በኮባልት ማሽን ነው የታከምኩት። ልዩነት አለው?

አለው፤ ኮባልት ጨረሩን ከራዲዮአክቲቭ ብረት የሚያገኝ የቆየ ዓይነት ማሽን ነው። ዋናው ልዩነት ግን ከማሽኑ ይልቅ ከዕቅዱ ነው። በሲቲ ስካን የሚታቀድ ሕክምና እያንዳንዱ ኩላሊት ስንት ግሬይ እንደሚደርሰው አስቀድሞ ያሰላል። በኤክስሬይ ፊልም ብቻ ሲታቀድ የኩላሊቱ ቦታ ይገመትና በእርሳስ ብሎክ ይጋረዳል። ኩላሊት ደግሞ በተነፈሱ ቁጥር ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ማዕከል በነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕክምናው የሚሰጠው በኮባልት ነበር። በዚያ ዘመን የታከመ ሰው የኩላሊቱ መጠን በቁጥር ተጽፎ ላያገኘው ይችላል። ያኔ የተሻለው አካሄድ ኩላሊቱ ጨረር ደርሶታል ብሎ መነሳትና ክትትሉን በዚያ ልክ ማድረግ ነው።

ብዙ ጊዜ ሲቲ ስካን ተነስቻለሁ። እሱስ ኩላሊቴን ይጎዳል?

ጨረሩ አይጎዳውም። አንድ የሆድ ሲቲ ስካን የሚሰጠው ጨረር ከግሬይ አንድ መቶኛ ገደማ ነው፤ እዚህ የምናወራው ስለ ሺህ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ለሲቲው በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኩላሊትዎ ቀድሞ የደከመ ከሆነ ከምርመራው በፊት ይናገሩ።

ጉዳቱ የሚታየው መቼ ነው?

በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብዙውን ጊዜ ምንም አይታይም። ሰውን የሚያዘናጋውም ይህ ነው፦ ሕክምናው አለቀ፣ ምርመራው ደህና ነው፣ ክትትሉ ይቆማል። ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ የእግር እብጠት፣ የደም ግፊት መጨመር፣ በሽንት ፕሮቲን መውጣትና ከኩላሊቱ ድክመት ጋር የማይመጣጠን ደም ማነስ ሊከሰት ይችላል። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የሚመጣው ዝግ ያለ ነው፤ ኩላሊቱ ቀስ እያለ ይሟሽሻል፣ ግፊቱ ቀስ እያለ ይወጣል። አሥር ዓመት ቆይቶ የታየበት ሰው አለ።

ይህ የጊዜ ሰሌዳ በዝርዝር የታወቀው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ማንችስተር የዘር ፍሬ ካንሰር ታመው ሆዳቸው ላይ ጨረር የተሰጣቸውን ወንዶች በመከታተል ነው። የጨረር ቴክኒኩ ከዚያ ወዲህ በብዙ ተሻሽሏል፤ ጉዳቱ የሚሄድበት መንገድ ግን ያው ነው።

ኩላሊቱ ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

በኩላሊት ማጣሪያዎች ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጣዊ ሽፋናቸው ይጎዳል። ጉዳቱ ያለበት ሕዋስ ወዲያው አይሞትም፤ ለመከፋፈል ሲሞክር ነው የሚወድቀው። የእነዚህ ሕዋሳት መከፋፈል ደግሞ ዝግተኛ ነው፤ የመዘግየቱ ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ከዚያ በትንንሾቹ ሥሮች ውስጥ ደም ይረጋል፣ ማጣሪያው ፕሮቲን ማሾለክ ይጀምራል፣ ዙሪያው በጠባሳ ይተካል። ደም ያጠረው ኩላሊት ሬኒን የተባለ ሆርሞን ይለቃል፤ ሬኒን የደም ግፊትን ያወጣል፤ የወጣው ግፊት የተረፈውን ማጣሪያ ይጎዳል። ሕክምናው በአብዛኛው የሚያነጣጥረው ይህን አዙሪት መስበር ላይ ነው።

ወገቤን ያመኛል። ከኩላሊቴ ይሆን?

እኛ ዘንድ ወገብ ሲታመም «ኩላሊቴን አመመኝ» ማለት የተለመደ ነው። የጨረር የኩላሊት ጉዳት ግን በተለምዶ አያምም። አዲስ የመጣ የወገብ ሕመም ካለ የሚታሰበው ጡንቻ፣ አጥንት፣ ጠጠር፣ ኢንፌክሽን ወይም የካንሰሩ መመለስ ነው፤ መታየቱ ተገቢ ነው፣ ነገር ግን «ወገቤን ስላላመመኝ ኩላሊቴ ደህና ነው» የሚለው አይሠራም። ማለዳ የዐይን ሽፋን ማበጥ፣ ማታ ጫማ መጥበቡ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሳት፣ አረፋ የሚይዝና ቶሎ የማይጠፋ ሽንት፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር ይበልጥ ይጠቁማሉ። እነዚህም ቢሆኑ የሚመጡት ዘግይተው ነው።

የደም ግፊትዎ 180/120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከባድ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ፣ ግራ መጋባት ወይም መንቀጥቀጥ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጨረር የደረሰው ኩላሊት ግፊትን እዚህ ደረጃ ሊያደርስ ይችላል።

ምን ምርመራ ላድርግ? በየስንት ጊዜው?

ኩላሊቱ ጨረር ለደረሰው አዋቂ የሚመች አካሄድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ በዓመት አንዴ መታየት ነው። ዝርዝሩ አጭርና ርካሽ ነው፦ የደም ግፊት፣ በሽንት ያለ አልቡሚን (የፕሮቲን ዓይነት)፣ ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ)፣ ፖታሲየምና ሄሞግሎቢን። አልትራሳውንድ መነሻ እንዲሆን አንዴ ይነሳል፤ የአዋቂ ኩላሊት ርዝመት በአብዛኛው ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በኋላ 8 ቢሆን መሟሸሹ ይታወቃል። ሲቲ ላይ ደግሞ አንዳንዴ ጉዳቱ በቀጥታ መስመር ተቆርጦ ይታያል፤ የጨረሩ ጠርዝ ያረፈበት ቦታ ነው። ሌላ የኩላሊት በሽታ እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም።

የደም ግፊት ቤት ውስጥ መለካት ከሁሉም በላይ ይጠቅማል፤ በትክክል ከተለካ። ቡና ጠጥተው ከሆነ ከመለካትዎ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ሽንትዎን ይሽኑ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያጣምሩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ጨርቁ ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር። ጠዋት መድኃኒት ከመዋጥዎ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ ለ7 ቀን ይለኩ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሪዎቹን አማካይ ያውጡ፤ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ለወፍራም ክንድ የጠበበ ጨርቅ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ የተሳሳተ ውጤት ከሚመጣባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው።

ለሽንት ምርመራ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ይውሰዱ። ትኩሳት ባለበት፣ በወር አበባ ሰሞን ወይም ከከባድ የሰውነት እንቅስቃሴ ማግሥት አይስጡ። ተነክሮ ቀለሙ የሚታየው ወረቀት ጥቂት አልቡሚንን ያመልጠዋል፤ ከተቻለ የአልቡሚንና የክሬቲኒን ንፅፅር ይታዘዝልዎ። በግራም ከ30 ሚሊ ግራም በታች ደህና ነው፣ ከ300 በላይ ብዙ ነው። ከፍ ካለ በአንዴ አይወሰንም፤ በሦስት ወር ውስጥ ይደገማል።

ክሬቲኒኔ «ኖርማል» ነው ተብያለሁ። ታዲያ ምን ያሰጋኛል?

ክሬቲኒን ብቻውን ይሸነግላል። የኩላሊት አቅም ግማሽ ያህሉ እስኪጠፋ ድረስ ወረቀቱ ላይ ካለው ወሰን ላያልፍ ይችላል። ምሳሌ እንውሰድ። ውጤቱ 1.1 የሆነ የ25 ዓመት ወንድ የኩላሊቱ የማጣራት አቅም በስሌት በደቂቃ 95 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ጤነኛ ነው። ያው 1.1 የ60 ዓመት ሴት ላይ ሲመጣ አቅሙ 57 ገደማ ነው። ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ይባላል። ላቦራቶሪው ግን ሁለቱም ላይ ምንም ምልክት ላያደርግ ይችላል።

በዚህ ላይ ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። በካንሰርና በኬሞ የከሳ ሰው ጡንቻው ስላነሰ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ኩላሊቱን ጤነኛ ያስመስለዋል። ሲስታቲን ሲ የሚባለው ምርመራ በሚገኝበት ቦታ ይህን ያርማል። ስለዚህ «ኖርማል ነው ወይ?» ከማለት «የማጣራት አቅሙ ስንት ነው? ባለፈውስ ስንት ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ ውጤቶቹንም በአንድ ደብተር ላይ በቀን ቅደም ተከተል ይጻፏቸው።

ዳሌዬ ላይ ብቻ ታክሜ ኩላሊቴ ተዳከመ ተባልኩ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

እዚህ ላይ ጥርጣሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወስዱት ቱቦዎች በዳሌ በኩል ያልፋሉ። በጨረር ጠባሳ ሊጠቡ ወይም ተመልሶ የመጣ ዕጢ ሊጫናቸው ይችላል። ሽንት ወደ ኋላ ይጠራቀምና ኩላሊቱ ያብጣል። ለማኅፀን በር ካንሰር በታከሙ ሴቶች ላይ የኩላሊት ድክመት ሲመጣ መጀመሪያ መጣራት ያለበት ይህ ነው፤ በአንድ አልትራሳውንድ ይታያልና። ቶሎ ከተደረሰበት ቱቦው ውስጥ ማስተላለፊያ በማስገባት ወይም ሽንቱን በጀርባ በኩል በማውጣት ኩላሊቱን ማትረፍ ይቻላል። ወራት ካለፉ ግን መዘጋቱ ቢከፈትም ኩላሊቱ ላይመለስ ይችላል።

ሕክምና አለው?

የጠፋውን የሚመልስ የለም፤ የቀረውን ማቆየት ግን ይቻላል። ግቡ ግፊትን ቢያንስ ከ130/80 በታች ማድረግና በሽንት የሚወጣውን አልቡሚን መቀነስ ነው። የመጀመሪያ ምርጫዎቹ እንደ ኤናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ያሉ፣ ቅድም ያነሳነውን የሬኒን መንገድ የሚዘጉ መድኃኒቶች ናቸው። ሁለቱ አብረው አይሰጡም። ካልበቃ አምሎዲፒን ወይም የሚያሸና መድኃኒት ይጨመራል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ካፕቶፕሪል የጨረርን የኩላሊት ጉዳት በግልጽ ቀንሷል።

መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ክሬቲኒንና ፖታሲየም ይደገማሉ። ክሬቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምር የሚጠበቅ ነው፤ ደንግጠው አያቁሙ። ከዚያ ካለፈ ምክንያቱ ይፈለጋል፦ ሰውየው ውኃ አጥሮታል? እንደ ዲክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ እየዋጠ ነው? ወይስ ጨረሩ የኩላሊቱን ዋና የደም ሥር አጥብቦታል? ፖታሲየም ከ5.5 ካለፈ ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክላል። ተቅማጥና ትውከት በያዘዎት ቀናት እነዚህን መድኃኒቶችና የሚያሸናውን ለጊዜው ስለማቆም አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ፤ በአንድ ሳምንት ተቅማጥ የዓመታት ክትትል የሚበላሽበት ጊዜ አለ።

የትኞቹን መድኃኒቶች ልሽሽ?

ከሁሉ አስቀድሞ ዲክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን። ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ መግዛት ስለተለመደ ብዙ ሰው እንደ መድኃኒት እንኳ አይቆጥራቸውም። ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ፤ ከኤናላፕሪልና ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲገጥሙ በቀናት ውስጥ ኩላሊትን ሊያቆሙ ይችላሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። የጄንታማይሲን መርፌ ከታዘዘልዎ ስለ ኩላሊትዎ ይናገሩ። የስኳር ታካሚ ከሆኑ የሜትፎርሚን መጠን የማጣራት አቅሙ ከ45 ሲወርድ ይከለሳል፤ ከ30 ሲወርድ ይቆማል። ይዘቱ የማይታወቅ የሚጠጣ የባህል መድኃኒትም እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ይገባል።

የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎች በተለይ ያንብቡት። የማኅፀን በር ካንሰር ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ሴቶች ላይ ስለሚበዛ፣ ሲስፕላቲን፣ ጨረርና የኤችአይቪ መድኃኒቱ ቴኖፎቪር አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ይታያል። ቴኖፎቪር ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ እንዲቀየር ሐኪምዎን መጠየቅ ያስኬዳል። አብሮት ያለው ዶሉቴግራቪር ደግሞ ኩላሊት ሳይጎዳ ክሬቲኒንን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭማሪ ከዚያ ሊሆን ይችላል። በምንም ምክንያት ግን መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ።

ምን ልብላ? ብዙ ውኃ ብጠጣ ኩላሊቴን አያጥብልኝም?

ብዙ ውኃ የጨረርን ጉዳት አያጥብም። ሲጠማዎ ይጠጡ፣ በሙቀትና በተቅማጥ ጊዜ ይጨምሩ፤ እብጠት ካለ ደግሞ መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል።

ጨው ላይ ግን ይጠንክሩ። በቀን ከ5 ግራም በታች ማለት ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ምግቡ ውስጥ ቀድሞ ያለውንም ይጨምራል። በርበሬና ሽሮ ሲፈጩ ጨው አብሮ ስለሚገባ ወጡ ላይ ባይጨምሩም ጨው እየበሉ ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ያለ ጨው ተለይቶ ይፈጭ። ውጭ አገር ያሉ ወገኖች ከመደብር የሚገዙት «የጨው ምትክ» ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ነው፤ ከኤናላፕሪል ወይም ከሎሳርታን ጋር አደገኛ ነው። ሙዝ፣ አቮካዶና ድንች መቀነስ የሚያስፈልገው ፖታሲየም ከፍ ካለ ብቻ ነው፤ በባዶ ሜዳ ራስን ማስራብ አይገባም።

የጾም ምግቡ ራሱ ችግር የለበትም። ችግሩ ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋልና ጠዋት የሚያሸና መድኃኒት መዋጥ አብረው ሲሄዱ ነው። በረመዳንም ያው ነው። የማጣራት አቅሙ የወረደ ሰው ከጾሙ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል፤ ውኃ የሚያስቀር ጾም ከሆነ ንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን ያማክር።

ልጄ ለዊልምስ ዕጢ ታክማለች። የእሷስ ክትትል?

አንድ ኩላሊቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ይሆናል። በብዙ ፕሮቶኮሎች የዕጢው ጎን የሚያገኘው 10.8 ግሬይ ነው፤ የቀረው ኩላሊት ከ14.4 ግሬይ እንዳያልፍ ይጠበቃል። ክትትሉ ዕድሜ ልክ ነው፦ በየዓመቱ የደም ግፊትና የሽንት ምርመራ። የልጅ ግፊት በአዋቂ ቁጥር አይፈረድም፤ እስከ 13 ዓመቷ በዕድሜዋ፣ በጾታዋና በቁመቷ ሰንጠረዥ ይነበባል፣ ለክንዷ የሚሆን ጨርቅም ያስፈልጋል። 110/75 ለእርስዎ ጥሩ ነው፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ከፍተኛ ነው።

አድጋ ስታረግዝ ደግሞ ከፅንስ ሐኪሟ ጋር ቀድማ ትነጋገር። ኤናላፕሪልና ሎሳርታን ፅንስን ስለሚጎዱ በሜቲልዶፓ ወይም በኒፌዲፒን ይተካሉ። በልጅነት ሆድ ላይ የተሰጠ ጨረር ያለጊዜው የመውለድ ዕድልንም ይጨምራል።

ኩላሊቴ ሙሉ በሙሉ ከደከመስ?

ብዙዎች እዚያ አይደርሱም። ከደረሰ እንደማንኛውም የኩላሊት መድከም በእጥበት ይታከማል፤ የተለመደው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ነው። ንቅለ ተከላም ይቻላል፤ የበሽታ መከላከያን የሚያደክሙ መድኃኒቶች ካንሰሩን እንዳይቀሰቅሱ ግን እንደ ካንሰሩ ዓይነት የተወሰነ ጊዜ ይጠበቃል። በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል።

ከታከምኩበት ቦታ ምን ሰነድ ልያዝ?

ጨረሩ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ ጠቅላላ ግሬይ፣ በስንት ቀን ተከፋፍሎ እንደተሰጠ፣ የጨረሩ ክልል፣ ለቀኝና ለግራ ኩላሊት ለየብቻ የደረሰው አማካይ መጠን፣ የኬሞ መድኃኒቶቹ ስምና ድምር መጠን። በሲቲ ከታቀደ የመጠን ማጠቃለያ ግራፉ ይታተምልዎ። ለሕክምና ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ የሄዱ ሰዎች ይህን ከመመለሳቸው በፊት ይጠይቁ፤ ከዓመታት በኋላ በስልክ ማስፈለግ አድካሚ ነው። «የሬዲዮቴራፒ ዕቅዱን ከነመጠኑ በዲስክ ስጡኝ» ማለት ይበቃል፤ ዲስኩ ላይ የሲቲ ምስሎቹ ብቻ ሳይሆኑ የመጠን ፋይሉም መኖሩን እዚያው ያስከፍቱና ይመልከቱ።